ማስተካከያ፦ የአብራሞቪች የቼልሲ ብር
ሰሞኑን በደሴና ኮምቦልቻ የቼልሲ ደጋፊዎች ቴሌግራም ግሩፖች ላይ "አብራሞቪች 2.5 ቢሊዮን ፓውንዱን ይዞ ሄደ፣ ክለቡ አሁን የቶድ ቦህሊ ብቻ ነው" የሚል ፖስት ሼር እየተደረገ ነው፣ ሁለቱም ልክ አይደለም።

አብራሞቪች፣ ሩሲያዊው ቢሊየነር፣ ክለቡን በፈረንጆቹ 2003 ከነዕዳው በ140 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው። ግን ማርች 2022 ላይ የእንግሊዝ መንግስት ማዕቀብ ጣለበትና ንብረቱ ታገደ፣ ክለቡ ሜይ 30 በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ የተሸጠውም በመንግስት ልዩ ፈቃድ ነው፣ ብሩ እሱ ኪስ ሳይገባ እዛው እንግሊዝ አገር ባንክ ውስጥ ታግዶ ተቀመጠ፣ ለዩክሬን ጦርነት ተጎጂዎች ይውላል ተብሎ። ይሄ ከመንግስቱና ከክለቡ ኦፊሻል መግለጫ ነው፣ ከዩቲዩብ ተንታኝ አይደለም። ለክለቡ ያበደረውንም "መልሱልኝ አልልም" ብሎ እሱው ራሱ በመግለጫ ተናግሯል፣ ስለዚህ ፒያሳ ላይ "ቼልሲ የአብራሞቪች ዕዳ አለበት" የምትሉ ልጆች እሱም ይቅር።

ቦህሊ ከገዢዎቹ አንዱ ነው፣ ካሜራ ስለሚወድ ነው እንጂ አብላጫው ድርሻ የክሊርሌክ ካፒታል ነው፣ የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት።

ፒን ያደረጋችሁ አድሚኖች ፖስቱን አንሱት፣ በሱ ተወራርዳችሁ የበላችሁም ብሩን መልሱ 😄