ቁልፉ ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነበር
የትንሽ ከተማ ሃይስኩላችንን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ላቦራቶሪ ነበረን እኮ! ግን ቁልፉ ከዳይሬክተሩ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። በመስኮት አጮልቀን አቧራ የለበሰውን ማይክሮስኮፕ እናያለን። ስንጠይቅ መልሱ "ትሰብሩታላችሁ" ነው። አሲድ ሰማያዊ ሊትመስን (አሲድ መለያ ወረቀት) ቀይ ያደርጋል ብለን ሸመደድን፤ ወረቀቷን ግን አንድ ቀን አልነካንም። ኬሚስትሪ መምህራችን ምን ያድርጉ? በባለቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳሉ ያስረዱን ነበር፤ እጅጌያቸው በጠመኔ ብናኝ ተለውሶ። እንዲህ ያለ መምህር የት ይገኛል! እሳቸውም በዓመቱ አጋማሽ ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወሩ። ምትክ ሳይመጣ ሁለት ወር ባዶ ክፍል ቁጭ አልን። ፈተናው ግን አልቀረልንም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማይክሮስኮፕ ፊት ስቀመጥ በየት በኩል እንደሚታይ እንኳ አላውቅም ነበር። ታዲያ ያ የተቆለፈበት ማይክሮስኮፕ ለማን ተብሎ ነው የተገዛው?