በሩ ድሮ መስኮት ነበር

ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ደሴ ፒያሳ ብቅ የሚል ሰው ሠዓሊዎቹን ሳያይ አያልፍም። የከተማው ልጆች ናቸው። ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ተዘግተው የከረሙ የድሮ ቤቶችን ይሥላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ሥራቸውን ሰብስበው ዐውደ ርእይ ሊያሳዩ ነው። ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ሁለት ቀን አብሬያቸው ዋልኩ።

አንዷ ልጅ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት እየሣለች ነበር። አጠገቧ ቆሎ የሚሸጡ እናት ወረቀቱን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ በር አልነበረም» አሏት። «መስኮት ነበር። ቤቱ ለሁለት ሲከፈል ነው በር ያወጡለት።» ከዚያ ወሬው መጣ። ማን የት ይተኛ እንደነበር፣ ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን የቱ ጥግ ያቆም እንደነበር፣ ምጣዱ በየት በኩል ይጣድ እንደነበር ነገሯት። ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ታዳምጣለች። እኔ ግን በልቤ «ጻፊው እንጂ!» እላለሁ።

ለመሆኑ ቤቱ ለምን ለሁለት ተከፈለ? ደሴ ውስጥ የብዙ አሮጌ ቤት ታሪክ እዚህ ጋ ይገናኛል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የኖረበት ቤት የቀበሌ ሆነ፣ በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ለሦስት ለአራት አባወራ ተሰጠ። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ በእሱ ጣሪያ አይጠገንም። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማውጣት ይከብደዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ያረጃል፣ መጨረሻ ላይ ሰው ይለቀዋል፣ በሩ ይታሸጋል።

የጭቃ ቤትን የሚገድለው ደግሞ ውሃ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ክረምቷን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮውና አሸንዳው ደህና ከሆኑ ጥሩ ተደርጎ የተመረገ ቤት ብዙ ዘመን ይቆማል። አንድ ምስማር ስትለቅ ግን ውሃው በወራጁ ይገባል። ምርጊቱ ያብጣል፣ ይረግፋል። ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይከተላል። ሰው ያለበት ቤት ሲያፈስ ቢያንስ አንድ ሰው መሰላል ተውሶ ይወጣል። ለተዘጋ ቤት የሚወጣለት የለም።

ስለዚህ እነዚህን ልጆች አንድ ነገር ልለምናቸው። የተሰነጠቀ ግድግዳ ለሥዕል ያምራል። የዛገ ቆርቆሮም ቀለሙ ልብ ይይዛል። ግን ውበቱን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ሜትር ያዙ። የበሩ ስፋት ስንት ነው? የበረንዳው ፍርግርግ እንዴት ተቆርጦ ተገጠመ? ደረጃው ስንት መርገጫ አለው? ነገ ቤቱ ልጠገን ቢል አናጺው የሚጠይቀው ይህን ነው። ከልኩ ጎን ደግሞ የጎረቤቱን ቃል ጻፉ።

ትልልቆቹ ቤቶች ቢያንስ ስም አላቸው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ የማያውቅ ወሎዬ የለም። ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉም ገብቶ የሚበላበት ነውና ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። እኔን የሚያሳስበኝ ስም የሌለው ነው። የነጋዴው ሱቅ፣ የልብስ ሰፊው ክፍል። ኮምቦልቻ ያሉትም አይረሱ፤ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ያሳደጋት ከተማ ናት። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመርና የአሰብ በር ሲዘጋ ያ መንገድ ቀዘቀዘ። በመንገዱ ሲኖሩ የነበሩ ቤቶችም አብረው ቀዘቀዙ።

ደሴ ደግሞ ሁለቴ ክፉኛ ተመትታለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲደበድቧት ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ። ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። በ2014 ጦርነት ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ሙዚየሙ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ቤት ነው፤ አሮጌ ቤት ሥራ ሲሰጠው ምን መሆን እንደሚችል ልጆቻችንን የምናሳይበት ነበር። የተዘረፈ ዕቃ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፎቶውና መዝገቡ ነው። ቤትም እንደዚያው ነው። ያልተመዘገበ ቤት ሲፈርስ፣ «እዚህ ጋ ነበር» ብሎ በጣት ከማሳየት ሌላ የሚቀር ነገር የለም።

ዐውደ ርእዩ አዲስ አበባም ይሂድ፣ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ግን እዚህ ደሴ ይታይ። ከተዘጉት ቤቶች አንዱ ተጠርጎ ቢከፈት ደግሞ እንዴት ባማረ! ከየሥዕሉ አጠገብ ደብተርና በክር የታሰረ እርሳስ ይንጠልጠል። የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ይጻፍበት፣ መጻፍ የማይችል ይናገርና ይጻፍለት።

ያቺ ልጅ በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። በሩን እንዳለ ትታ ድሮ የነበረውን መስኮት በነጠብጣብ መስመር ሣለችበት። እናትየዋ አዩና «ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ ከወገብ በላይ ነበር» አሏት። አስተካከለችው። ዐውደ ርእዩ ሲታይ ይመጡ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ፎቅ ላይ ካላደረጋችሁት እመጣለሁ» አሉኝ። «ጉልበቴ ደረጃ አይችልም።»