ሜኑው ላይ ዓሣ አለ

የእህቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቤተሰባችን ለሁለት ተሰነጠቀ። በሙሽራው አይደለም፤ ሙሽራውን ሁላችንም ወደነዋል። በአዳራሹም አይደለም። በወረቀት ነው። ምግቡ ቡፌ ነው፤ ሰው ተነስቶ፣ ተሰልፎ፣ ለራሱ ያነሳል። ታዲያ በየጠረጴዛው የታተመ ሜኑ ይቀመጥ ወይስ ይቅር?

አክስታችን ናቸው የጀመሩት። «እንግዳው የሚመጣው ሊበላ ነው ሊያጠና?» አሉ።

ሙሽሪት ግን ወይ ፍንክች። ስልኳ ላይ አንድ ፎቶ አላት። ነጭ ሳህን፣ በላዩ የታጠፈ ናፕኪን፣ ናፕኪኑ ውስጥ የተሰካ ባለ ወርቃማ ፊደል ካርድ። «ይሄ ከሌለ ጠረጴዛው ራቁቱን ነው» አለች። ፎቶውን ተቀብዬ ደጋግሜ አየሁት። ሳህኑ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሃል ምግብ ያለው ካርዱ ላይ ብቻ ነው።

ክርክሩ ሁለት ማታ ፈጀ። በሁለተኛው ማታ አክስታችን እንቅልፍ ጣላቸው፤ ሙሽሪት አሸነፈች። እኔ ማተሚያ ቤት ተላክሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ገለልተኛ ታዛቢ አይደለም። እንደ ተከሳሽ ነው።

ማተሚያ ቤት ያለው ልጅ ገና ሳልቀመጥ «300 ግራም ይሁን?» አለኝ። ስለ ሥጋው የጠየቀኝ መስሎኝ «ለስንት ሰው?» አልኩት። የወረቀቱን ውፍረት ኖሯል። ርዝመቱም ወርዱም አንድ ሜትር የሆነ ወረቀት ተመዝኖ የሚወጣው ክብደት ነው። ቢሮ ውስጥ የምናትምበት ተራ ወረቀት 80 ግራም ገደማ ነው። 300ው ግን ደረቱን ነፍቶ የሚቆም ካርቶን ነው። እንግዳ ቢመታበት ያማል።

ማታ ተናድጄ ይሄ ሜኑ የሚባል ነገር ከየት መጣብን ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩ ላቲን ሆኖ «ደቃቅ» እንደማለት ነው። እኛም «የምግብ ዝርዝር» ስንለው ሳናውቀው ገጥመናል። ኪሳችን ውስጥ የሚንኳኳውን ሳንቲምም ዝርዝር አይደል የምንለው? ቡፌም የፈረንሳይ ቃል ነው። መጀመሪያ የቤት ዕቃ ስም ነበር፤ የምግቡ ስም የሆነው ምግብ ስለተደረደረበት ነው። አማርኛ ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። አንደኛው ቡፌ ሳሎን ጥግ ያለው ባለ መስታወቱ ነው፤ ሳህኑ ይታያል እንጂ አይበላበትም። ሁለተኛው አዳራሽ ያለው ነው፤ እዚያ ደግሞ ሳህን ጠፍቶ ሰው ሳህን ይጠብቃል።

ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በድሮው የፈረንሳይ ግብዣ ምግቡ በብዛት አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ይደረደር ነበር። እንግዳው ያያል፣ ይመርጣል፣ እጁ የደረሰበትን ያነሳል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «የሩሲያ አቀራረብ» የሚባለው ገባ። ምግቡ ከጓዳ እየተቆረሰ ተራ በተራ ይመጣል። ይህን ፓሪስ ያስገባው እዚያ የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ልዑል አሌክሳንደር ኩራኪን ነው ይባላል። (ሰውዬው የሠርግ ዕድል አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1810 ለናፖሊዮን ጋብቻ በተደገሰ የዳንስ ምሽት ላይ እሳት ተነስቶ ክፉኛ ተቃጥሏል።) አሁን እንግዳው ተቸገረ። ፊቱ ያለው ሳህን ባዶ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። በሾርባና በዳቦ ሆዱን ሞልቶ የሚወደው ነገር በአምስተኛው ዙር ብቅ ቢልስ? እናም እንዲህ ላለው ሰው ወረቀቱ የግድ ሆነ።

ገባችሁ? ሜኑ የሚያስፈልገው ምግቡን ማየት ላልቻለ ሰው ነው። ቡፌ ላይ ግን ሰው ምግቡ ላይ ዓይኑን ተክሎ ነው የሚሰለፈው። ይህን ግኝት ይዤ እህቴ ጋ ሮጥኩ። ኩራኪን እንዲህ አድርጎ፣ ኩራኪን እንዲያ አድርጎ አልኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ኩራኪን ደግሞ በማን በኩል ነው?» አለች። «የተጠሪው ቁጥር ሞልቷል።»

ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። ሜኑ ላይ ሰላጣ ሰላጣ አይባልም። ሠርግ ነውና ምግቡም ማዕረግ ይሰጠዋል። ሰላጣው «የወቅቱ ትኩስ አትክልት ቅይጥ» ሆነ። ሩዙ «በቅመም መዓዛ የታጀበ» ተባለ። ዶሮው «በልዩ ሶስ የታጀበ»፤ ዓሣው «በሎሚ የታጀበ»። ማንም ብቻውን አልመጣም፤ ሁሉም አጃቢ አለው። የተቀቀለ ድንች ተፈጭቶ «በቅቤ የተዋበ የድንች ልስላሴ» ሲሆን አጎቴ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው «ይሄ ድንች ነው አይደል?» አሉ። ድንች ነው አልናቸው። «ምን አድርጎ ነው ስሙን የሚቀይረው?»

ነገሩን የሚያውቁት ዋናዋ ወጥ ቤት ብቻ ነበሩ። ረቂቁን አንብበው ሲጨርሱ አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ዓሣውን አትጻፉት» አሉ።

«ለምን?»

«ስላልተጻፈ ነዋ የሚበቃው።»

አልገባንም። ጻፍነው። በወርቃማ ፊደል።

የሴትየዋ ነገር የገባኝ የሠርጉ ዕለት ነው። ለካ የቡፌ አደራደር የራሱ ጥበብ አለው። መጀመሪያ ዳቦ፣ ቀጥሎ ሰላጣ፣ ከዚያ ሩዝ፣ ከዚያ ድንች። ሥጋና ዓሣው መጨረሻ፣ ጭልፋውም በአስተናጋጅ እጅ። ሳህን ደግሞ ላስቲክ አይደለም፤ አይለጠጥም። የማያውቅ እንግዳ ዳቦና ሩዙ ላይ ተራራ ሠርቶ ዓሣው ጋ ሲደርስ የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። በትዝብት አይቶት ያልፋል። ወጥ ቤቶቹ በዚህ ይተማመናሉ፤ ሒሳባቸውም በዚህ ነው የተሠራው። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? የጦር ሜዳውን ካርታ ለጠላት አትመን፣ በናፕኪን ጠቅልለን፣ በየወንበሩ አስቀመጥን።

እንግዳው ከተቀመጠ ጀምሮ ያጠናል። ከአክስታችን ትንቢት የተፈጸመው ይሄኛው ነው። የመጨረሻዎቹ ጠረጴዛዎች እስኪጠሩ አርባ ደቂቃ ያህል ጠብቀዋል። ለተራበ ሰው አርባ ደቂቃ ሙሉ «በልዩ ሶስ የታጀበ» የሚል ማንበብ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተው ልተወው። አንዳንዱ በቃሉ ይዞታል። አንዲት እናት ደግሞ አጠገባቸው ላሉት ዝቅ ባለ ድምፅ ይቆጥራሉ፤ «አሥራ አንድ ዓይነት ነው። የእነ እንትና ስምንት ነበር።» እውነቱን ለመናገር ሜኑው በደንብ የሠራው እዚህ ላይ ነው። ለበላተኛ ሳይሆን ለምስክርነት። ካርዱን ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ አይቻለሁ።

ሰልፉ ሲጀመር ሰው ካርዱን ይዞ ተነሳ። እስቲ አስቡት። በግራ እጅ ሳህን። በቀኝ እጅ ጭልፋ። ካርዱስ? አንዱ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። አንዷ አገጯ ሥር ይዛው አንገቷን ማዞር አቅቷት እንደ ሐውልት ሄደች። ከፊቴ የነበረ ጎረምሳ ደግሞ በጥርሱ ነክሶ ነበር። አስተናጋጇ «ምን ልጨምርልህ?» ስትለው «ም'» አላት። በዚህ ላይ ወርቃማው ቀለም ቅባት ሲነካው ይለቃል። የዶሮው «ዶ» የስንቱ አውራ ጣት ላይ ተገልብጦ ታትሟል።

መሃል ላይ አንዲት ልጅ ሰልፉን አቆመች። «ሶሱ ውስጥ ሰሊጥ አለ?» አለች። ከኋላዋ ያለው ሕዝብ አጉረመረመ። እሷ ግን እየተቀናጣች አልነበረም፤ ሰሊጥ ከበላች ጉሮሮዋ ያብጣል። ሁላችንም ካርዱን አየን። «የታጀበ» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ አለ። ሰሊጥ የሚል የለም። የአውሮፓ ኅብረት አለርጂ የሚቀሰቅሱ 14 ነገሮችን ለይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ያልታሸገ ምግብ የሚሸጥ ሁሉ ለበላተኛው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አሜሪካ የታሸገ ምግብ ላይ የግድ የሚጻፉት 9 ናቸው፤ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ የገባው ገና እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። እኛ 300 ግራም ካርቶን ይዘን አንዷን ሰሊጥ መጻፍ አቃተን።

ወጥ ቤቷ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ወጡ። የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ አንድ ሜኑ አንስተው ለሁለት ቀደዱት። ጀርባው ላይ በወፍራም ማርከር «ሰሊጥ አለበት» ብለው ጻፉና ከዶሮው ፊት አቆሙት። ካርቶኑ ወፍራም ስለሆነ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ 300 ግራሙ ሥራ ሠራ። ከዚያ ወዲያ የመጣ ሰው ሁሉ ያችን ቁራጭ እያነበበ አለፈ። ልጅቷም ዶሮውን ዘላ ሥጋውን አስጨመረች።

ስለዚህ ከተጠየቅኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ፣ የምለው ይሄው ነው። ምግቡ በአስተናጋጅ ተራ በተራ የሚመጣ ከሆነ ሜኑ አትሙ፤ ኩራኪንም ደስ ይለዋል። ቡፌ ከሆነ ግን በየምግቡ ትሪ ፊት ትንሽ ካርድ ይበቃል። ስሙ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ያቃጥል እንደሆን። ድንቹንም ድንች በሉት። ሥጋ ለማይበሉት ደግሞ ሰልፉ መግቢያ ላይ አንድ ሰሌዳ ይቁም፤ ሰው እስከ መጨረሻው ተጉዞ ሳህኑ ላይ ዳቦ ብቻ ይዞ መመለስ የለበትም።

ወደ ዓሣው ልመለስ። አለቀ። ገና ግማሹ አዳራሽ ሳይነሳ አለቀ። ሩዙ እንደ ተራራ ቆሟል፤ ማንም የነካው የለም። ግራጫ ሱፍ የለበሱ አንድ ትልቅ ሰው ባዶው ትሪ ጋ ደርሰው ቆሙ። ሳህናቸው ላይ ሁለት ቅጠል ሰላጣ ብቻ ነው ያለው። የቀረው ቦታ ለዓሣው የተያዘ ነው። ካርዱን እንደ ውል ወረቀት ዘርግተው ያዙ።

«ዓሣው?»

«አልቋል፣ ጋሼ» አለ አስተናጋጁ።

«ሜኑው ላይ አለ እኮ።»

«አዎ፣ ሜኑው ላይ አለ።»

«ታዲያ?»

«ትሪው ላይ ነው የሌለው፣ ጋሼ።»

ሰውየው ካርዱን አዩ፣ ትሪውን አዩ፣ እንደገና ካርዱን አዩ። «ማነው ይሄን ያሳተመው?» አሉ። አስተናጋጁ ምንም አልተናገረም። በጭልፋው ወደ እኔ ጠቆመ። እኔም ወዲያው አንድ በጣም አስቸኳይ ስልክ መጣልኝ። እየደወለ አልነበረም፤ ግን አነሳሁት።

አልበሙ በወሩ ደረሰ። እህቴ ደስ ብሏት አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ ሳህን፣ የታጠፈ ናፕኪን፣ የተሰካ ካርድ። ልክ ስልኳ ላይ እንደነበረው ነው። በጣቴ አጉልቼ አየሁት። አራተኛው መስመር ላይ ዓሣው በሎሚ ታጅቦ ቁጭ ብሏል።