የዋርዱ ምርቃት

የጉልት ሴት እንኳን አንድ መደብ ቲማቲም ስትሸጥ ቃሪያ ትመርቃለች። ሐኪም ታዲያ ከማን ያንሳል? ሆስፒታል ተኝታችሁ የምታውቁ ምስክር ናችሁ። በሳንባ ምች ግቡ፣ በወባ ግቡ፣ ካርዳችሁ ላይ አንድ መስመር አትጠፋም፦ ኦሜፕራዞል፣ የጨጓራ አሲድ የምትቀንሰው እንክብል። የመጣችሁበት በሽታ ገና ሳይታወቅ ጨጓራችሁ ታክሞ ያድራል።

አጎቴ የዛሬ ሁለት ዓመት ቆርቆሮ ሲጠግን ወድቆ ጭኑ ተሰበረና ተኛ። ሲስተሯ መድኃኒቱን ስታቀርብለት አንዷን እንክብል አገላብጦ አያት።

«ይቺ ደግሞ የምንድን ናት?»

«የጨጓራ ናት ጋሼ።»

«የተሰበረው እኮ እግሬ ነው! ጨጓራዬ ድንጋይ ይፈጫል።»

«ለጥንቃቄ ነው፤ ይዋጧት።»

ዋጣት። (ጨጓራ የሚልጠውስ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ነበር። ለሱ ግን መድኃኒት አልተገኘለትም።)

መጽሐፉ ይህን ጥንቃቄ የሚያዘው ለከባድ ሕሙማን ነው፤ ከ48 ሰዓት በላይ በመተንፈሻ ማሽን ላሉ፣ ደማቸው አልረጋ ላለ። አጎቴ ጨጓራ የሚጎዳውን ማስታገሻ ዲክሎፌናክን እየወሰደ ቢሆን እንኳ እሺ፣ ያስኬዳል። የሱ ማስታገሻ ትራማዶል ነበር። ግን እንዲህ እየለዩ መስጠት አድልዎ አይሆንም?

ጠዋት ጠዋት ሐኪሞች በሽተኛውን የሚዞሩበት ራውንድ አለ። አንዱ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) የትናንቱን ትእዛዝ ይገለብጣል፤ በማግስቱ ሌላው የሱን። የእጅ ጽሑፉ ይቀያየራል እንጂ ኦሜፕራዞል ንቅንቅ አትልም። የድሮ ብራና ገልባጮች እንኳ አልፎ አልፎ ቃል ይዘሉ ነበር።

ሲወጣ የወር ታዘዘለት። ወሩ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ያየው ሐኪም ሁሉ «ማን ጀመረልዎት?» ይላል። አይታወቅም። ስለዚህ ትቀጥላለች፤ ሰው የጀመረውን ማቋረጥ ነውር ነዋ!

አንዴ በራሱ ጊዜ አቆማት። በሳምንቱ ደረቱ ላይ እሳት ነደደ። ለረጅም ጊዜ ታፍኖ የከረመ አሲድ ሲለቀቅ ለጊዜው ከቀድሞው ብሶበት ይመጣል፤ የታወቀ ነገር ነው። አጎቴ ግን «አላልኳችሁም? ጨጓራ አለብኝ!» ብሎ ተመለሰባት። ያልነበረ ሕመም አምጥታ እሱኑ ታክማለች። ከዚህ በላይ ምን ይደረግልን?

ሌላም ውለታ አላት። አሲድ በምግብ የገባውን ተህዋስ የሚገድል የሆድ ዘበኛ ነው። እሷ ዘበኛውን ታስተኛዋለች፤ የሆስፒታል ክፉ ተቅማጥም በሩን ገርበብ ብሎ ያገኘዋል። ለዓመታት ሲወስዷት ደግሞ ስሟ ከቢ12 እጥረትና ከአጥንት ስብራት ጋር ይነሳል። አጥንቱ ተሰብሮ ለገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ስንቅ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን ልጅ ባጃጅ ገጨውና ሆስፒታል ተወሰደ። አጎቴ ወዲያው ደወለለት።

«ኦሜፕራዞል ሰጡህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ገና ካርድ እየወጣልኝ ነው።»

«አይዞህ፣ እኔ ከቤት ይዤልህ እመጣለሁ።»