አይኤስኦ እንደ ዘፈን ፍላሽ ላይ አይገለበጥም!

ኧረ በፈጠራችሁ! «ዊንዶውስ እንጭናለን» ብላችሁ በር ላይ ለጥፋችሁ፣ አይኤስኦን፣ ማለትም የሙሉ ዲስክ ቅጂ የያዘውን ፋይል፣ እንደ ዘፈን ገልብጣችሁ ሰው ትሸኛላችሁ?

የእህቴ ላፕቶፕ አልነሳ ብሎ ትናንት ሰፈር ያለ ሱቅ ሄጄ ማስነሻ ፍላሽ አሠራሁ። ከፈልኩ፣ ቤት ገባሁ፣ ሰካሁት። ጥቁር ስክሪን፤ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሦስቴ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው አንድ ፋይል ብቻ ተቀምጧል፤ መጨረሻው ነጥብ አይኤስኦ። በቃ!

ስመልስለት የሱቁ ልጅ «ፋይሉ አለ አይደል እንዴ?» አለኝ። አለ! ግን ኮምፒውተሩ በምኑ ይነሳ? አይኤስኦ የሙሉ ዲስክ ቅጂ ነው፤ እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ መጻፍ አለበት። የ10 ደቂቃ ሥራ ነው እኮ! ውስጡን ማየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት እንደ ዲስክ ይከፈታል፤ ማንም ጋ መሄድ አያስፈልግም።

ቤት አውርጄ ራሴ ልሥራው እንዳልል የዊንዶውስ ፋይሉ ከ5 ጊጋ በላይ ነው። በሞባይል ዳታ! መሐል ላይ ይቋረጥና ከዜሮ ይጀምራል፤ ፓኬጁ ግን አይመለስም። ዲቪዲ ላይ ልጻፈው ብልም ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ነው፣ አይችለውም።

እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን ሰኞ ታስረክባለች። ላፕቶፑ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ጨልሞ ተቀምጧል።