ቤዝቦል ባይኖር ገና አለ
«እኛ ጋ እንደ አሜሪካኖቹ ቤዝቦል አባትና ልጅን የሚያቀራርብ ጨዋታ የለም» የሚለው አልተዋጠልኝም። የገና ጨዋታስ? ያደግኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው። አባባ ቁጡ ናቸው፤ በሌላ ጊዜ ቀና ብዬ እንኳ አላያቸውም ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፍለጋ አብረን እንወጣለን። ደህና የገና ዱላ በመምረጥ እሳቸውን የሚያህል የለም። ሜዳ ላይ ጥንጓን (በዱላ የምንመታትን ኳስ) ከእግራቸው ሥር ስነጥቃቸው ደግሞ ይስቃሉ! «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነዋ። መሳደብም ይፈቀዳል (እኔ እንኳ እስከዚያ አልደፈርኩም)። «ገና የሚጫወት ጠፍቷል» የምትል ወንድሜ፣ ለታኅሣሥ 29 ወደ መንዝ ጎራ በል። አባባ አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ዳር ቆመው የሚጮሁት ጩኸት ግን ከተጫዋቹ ይብሳል።