ቡፌው ላይ የተሾመው ኤር ፍራየር

ሰሞኑን ያገኘኝ ሰው ሁሉ "ኤር ፍራየር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ" እያለ ይጠይቀኛል፣ ያንን ያለ ዘይት ይጠብሳል የሚባለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ። እኔን የሚጠይቁኝ ቤታችን ሲመጡ ሳሎን ቡፌው ላይ ስለሚያዩት ነው፣ እኔም ኮስተር ብዬ "ያው እንደ አጠቃቀምህ ነው" እላለሁ። አጠቃቀም የሚባል ነገር የለንም። የኛ ኤር ፍራየር በዕድሜው የሰራው አራት ሰከንድ ነው፣ ከዛ በክብር ጡረታ ወጥቶ ዳንቴል ለብሶ በአባዬ የምርቃት ፎቶና ለእንግዳ ብቻ በሚወጡት ስኒዎች መሀል ተቀምጧል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት በሰው የላከችው። ከአሜሪካ ሰው ሲመጣ ያለውን የኪሎ ፖለቲካ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ሻንጣ፣ አንዱ 23 ኪሎ፣ እሱም ግማሹ የሌላ ሰው ጫማ፣ የሌላ ሰው ሽቶ፣ የሌላ ሰው እናት መድኃኒት ነው። እህቴ ግን ስንት ሰው አስለምና "የእማዬ ጤና ጉዳይ ነው" ብላ ስድስት ኪሎ አስፈቀደች። እማዬ ስትጠብቅ የከረመችው የጉልበት ቅባት ስለነበር ካርቶኑ ሲከፈት ዞር ዞር አድርጋ አየችውና "ሬዲዮ ነው?" አለች።

ቀኑ እሁድ ነው፣ ዕቃ መጣ ሲባል ደግሞ ዘመድ ሳይጠራ ነው የሚመጣው። ድንች ተላጠ፣ ተከተፈ። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ስለሚማር የቤተሰቡ ኢንጂነር እሱ ነው፣ ዋይፋይ ሲጠፋም ፍሪጅ ሲያንጠባጥብም እሱ ነው የሚጠራው። የሶኬቱ እግር ሁለት ጠፍጣፋ ሆኖ አልገባ ስላለ ታች ካለው ሱቅ አዳፕተር ገዝቶ መጣ። አዳፕተር እግሩን እንጂ ቮልቱን እንደማይቀይር የተማርነው ያን ቀን ነው።

ሰካው። ቲት አለ። ሰማያዊ መብራት በራ፣ አክስቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ከዛ ጧ! የሚል ድምፅ፣ ከዛ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ፣ ከዛ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ጭጭ። እልልታው መሀል መንገድ ላይ "በስመአብ!" ሆኖ ወጣ። ሁሉም ሰው ቆጣሪ ጋ ሲሮጥ አጎቴ ከሶፋው ሳይነሳ ጭሱን እያየ "ዘይት የለውም አላላችሁም እንዴ? ታዲያ ምኑ ነው የሚጨሰው?" አለ።

ኋላ የመጣው ኤሌክትሪሺያን ገልብጦ ስሩን አሳየን። በጉንዳን ፊደል 120 ቮልት፣ 1500 ዋት ይላል። የኛ ደግሞ 220 ነው። እኛ ቮልቱ እጥፍ እንኳን ስላልሞላ ትንሽ ቢቸገር ነው ብለን ነበር፣ እሱ ግን ኃይሉ በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ነው የሚያድገው ብሎ አስልቶ ነገረን፣ እና ከ5,000 ዋት በላይ ልንግተው ሞክረናል ማለት ነው፣ እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ እንኳን ወደ 3,500 ገደማ ነው የሚስበው። ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ማድረግ ነበረባችሁ አለ። ይህን ያህል ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ሱቅ ሄጄ አየሁት፣ እሱ ራሱ ሌላ ሰው ካልያዘልህ የማይነሳ ብረት ነው፣ የእማዬ ኩሽና ውስጥ እሱ ከገባ እማዬ መውጣት አለባት።

ለእህቴ ማን ይንገራት? እማዬ "እንዳትነግሯት! ልጄ ሌሊት ሰርታ ነው የገዛችው" አለችና ነገሩ የመንግሥት ምስጢር ሆነ። ችግሩ ግን እህቴ በየሳምንቱ ቪዲዮ ኮል ትደውላለች፣ በደወለች ቁጥር "እስኪ ምን ሰራችሁበት አሳዩኝ" ነው። ስለዚህ ስራ ተከፋፈልን። እማዬ ሳምቡሳውን በድስት፣ በጥልቅ ዘይት፣ እንደ ድሮው ትጠብሳለች፣ እኔ አንድ በአንድ በሶፍት እያደረቅኩ ቅርጫቱ ውስጥ እደረድራለሁ፣ ከዛ ካሜራ ፊት መሳቢያውን ሳብ አድርጌ "እይ እንግዲህ!" እላለሁ። አንድ ጊዜ ሶፍቱ ከአንዱ ሳምቡሳ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ እህቴ "ያ ነጩ ምንድነው?" ብላ "ቺዝ ነው" ብያለሁ፣ በጾም! ግን በጣም ያስገረመችኝ እማዬ ናት፣ ለትንሽ ለትልቁ ንስሐ የምትገባ ሴትዮ "ዘይት ጠብ አላለበትም ልጄ" ስትል ዓይኗን አታሽም። ስልኩ ሲዘጋ ምን ሆነሽ ነው ብላት "ምን ዋሸሁ? እሱ ላይ ጠብ አላለበትማ፣ ድስቱ ላይ ነው ጠብ ያለው" አለችኝ። እህቴ ደግሞ ፎቶውን የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋ "እማዬ ዘመነች" ብላ ጻፈች፣ ካናዳ ያሉት ሁሉ ልብ ምናምን ደረደሩ።

እኔ ግን ስለ ኤር ፍራየር ለማውራት መብት አለኝ፣ ምክንያቱም ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን የሚሰራ አላት። ባሏ ከዱባይ ነው ያመጣላት፣ የዛ አገር መብራት ከኛው ጋር ስለሚቀራረብ በቮልት ጣጣ የለውም፣ ጣጣው ሦስት ወፋፍራም እግሮቹ ናቸው፣ እነሱም በአዳፕተር ይፈታሉ። እሷ ስትሞክር እኛ ቡና እየጠጣን እንዳኛለን፣ ስለዚህ ባለሙያ ነኝ።

መጀመሪያ ስሙ ውሸት ነው። ፍራየር ይባላል እንጂ ምንም አይጠብስም። ከላይ የሚግል ሽቦ አለ፣ እዛው ፋን አለ፣ ፋኑ ሙቀቱን ምግቡ ዙሪያ በኃይል ያሽከረክረዋል፣ በቃ ትንሽዬ ኦቨን ነው፣ ግን ችኩል ኦቨን። ፊሊፕስ በፈረንጆቹ 2010 በርሊን ኤግዚቢሽን ላይ "ኤርፍራየር" ብሎ አወጣው፣ ለኔ የሚሸለመው ፋኑን ያሰበው ሳይሆን ስሙን ያወጣው ሰው ነው፣ "ነፋሻ ኦቨን" ቢሉት ማን ይገዛቸው ነበር።

እማዬ አሰራሩን ሳስረዳት ፊቷ ተለዋወጠ። "ንፋስ ነው የሚያበስለው?" አለች። እዚህ አገር እኮ ንፋስ ምግብ አብሳይ ሳይሆን ወንጀለኛ ነው። ታክሲ ውስጥ ሰው በሙቀት እየታፈነ መስኮት የሚዘጋው ንፋሱን ፈርቶ ነው፣ ወገብ ቢያምህ ንፋስ ነው፣ አንገትህ አልዞር ቢል ንፋስ ነው። እና አሁን ያንኑ ንፋስ በገንዘባችን ገዝተን፣ በ200 ዲግሪ አግለን፣ ምሳችን ላይ ልንለቅበት? "ምች ነው የሚሆነው" ብላ ጎረቤታችን ዳማከሴ ቤቷ እንዲኖራት መከረቻት።

ሆኖም ሐቁን ልናገር፣ ድንች ይችልበታል። ተከትፎ ውሃ ውስጥ ቆይቶ በደንብ ከተደረቀና አንድ ማንኪያ ዘይት ካገኘ በ20 ደቂቃ ከሬስቶራንት ችብስ የማይተናነስ ነገር ይወጣል። አዎ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት! "ያለ ዘይት" የሚሉት ለማስታወቂያ ነው፣ ሳምቡሳውን ዘይት ሳትቀባው ብታስገባው ቤሳ ቤስቲን እንደሌለው ደሀ አመድ መስሎ ነው የሚወጣው፣ ሊጡ ነጭ፣ ጠርዙ ብስኩት፣ ውስጡ ያለው ምስር በጥማት ይሞታል። የትናንት ዳቦና የትናንት ፒዛ ግን ዛሬ የተጋገረ ያስመስላል፣ ይሄን ማይክሮዌቭ በሕልሙም አያደርገውም።

ጥብስ ግን ተዉት። ጎረቤታችን ስጋውን ከጥብስ ቅጠል ጋር አሽታ ከተተችው፣ ትንሽ ቆይቶ የጥብስ ቅጠሉ በንፋሱ እየተነሳ በሮ ሽቦው ላይ ተለጠፈና ቤቱ የተቃጠለ ባሕር ዛፍ ሸተተ። ስጋው የቋንጣና የጥብስ መሀል ቤት ሆኖ ወጣ። ደግሞ ጥብስ እኮ ግማሹ ድምፅ ነው፣ ቸስስ እያለ ሸክላው እየጨሰ ካልመጣ ሰው አንገቱን አያዞርም፣ ይሄ ግን እንደ ፀጉር ማድረቂያ ሲነፋ ይቆይና ቲንግ ብሎ ያቆማል። ቡና ልቁላበት ያለችው ቀን የሆነውንማ ባልናገር ይሻላል፣ ገለፈቱ ሁሉ ተነስቶ ፋን ውስጥ ገብቶ ለሳምንት ያወጣችው ምግብ ሁሉ ቡና ቡና ይል ነበር። ለነገሩ ቢሳካስ? ጭሱን ለእንግዳ ዞር አድርጎ የማያሸት ቡና ምኑ ቡና ነው፣ መሳቢያውን ነቅለሽ በየሰዉ አፍንጫ ስር ልታዞሪው?

እማዬን ያሸነፋት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እንቁላል። ለዶሮ ወጥ አስራ ሁለቱንም ከነቅርፊቱ ደርድረሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ሩብ ሰዓት ያህል ብታቆዪው ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ ተቀቅሎ ይወጣል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። "እንቁላሉንስ ግሩም አድርጎ ይቀቅላል" አለች። አጎቴ "ያለ ውሃማ ተቀቀለ አይባልም" ሲል "ታዲያ ምን ይባላል፣ ነፈሰ ይባል?" ብላ ዘጋችው።

ዋናው ጠብ ግን ከጣዕሙ ጋር አይደለም፣ ከቅርጫቱ ጋር ነው። አራት ሊትር ይላል፣ ደህና ሆኖ እንዲበስል ከተፈለገ አንድ ዙር ግማሽ ኪሎ ድንች ነው፣ ካበዛሽበት ንፋሱ መግቢያ ያጣና ከላይ ተጠብሶ ከታች ይታፈናል። እሺ ለአራት ሰው። የኛ ቤት እንግዳ ግን "ብቅ ብዬ ልውጣ" ብሎ አራት ልጅና አንድ አማች ይዞ ነው የሚመጣው። ጎረቤታችን በልጇ ልደት አራት ኪሎ ድንች ልጣ ተነሳች፣ ስምንት ዙር፣ በ20 ደቂቃ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ! ቡና እንኳን ከነአክብሮቱ ሦስት ዙር ነው። የመጀመሪያውን ዙር የበሉ ልጆች አራተኛው ሲወጣ ተርበው ተሰልፈዋል፣ አምስተኛው ላይ ደግሞ ምጣድ የጣደ ጎረቤት ነበር መሰለኝ መብራት ሄደ። የቀረው ድንች በጋዝ፣ በድስት፣ በጥልቅ ዘይት ተጠበሰ፣ ሁሉም ሰው የዛን ቀን ምርጡ እሱ ነበር አለ።

እና ይሄ ዕቃ ብቻውን ለሚበላ ሰው የተሰራ ነው። ቤተ ዘመድ የሌለው ዕቃ ነው። ለዚህ ምስክሬ ወንደላጤ ጓደኛዬ ነው፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራዩ እማማ "ምጣድ የለም፣ ስቶቭ የለም፣ ካውያ በሳምንት አንዴ" ብለው አስፈርመውታል። ኤር ፍራየር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ገዛና ቁምሳጥን ውስጥ ደበቀው፣ ማታ ማታ ዶሮ ጭን፣ ዓሣ፣ ስኳር ድንች እያወጣ ይበላል፣ በሕይወቴ እንደሱ በግዢው የተደሰተ ሰው አላየሁም። አንድ ቀን እማማ በሩን አንኳኩተው "ልጄ፣ ይሄ የሚነፋው ምንድነው?" አሉት። "ቬንትሌተር ነው እማማ።" ነሐሴ ነው። ውጪ በረዶ እየጣለ ነው። እማማ ዝም ብለው አዩት፣ አሸተቱ፣ "የዶሮ ቬንትሌተር ነው?" ብለው ሄዱ፣ በወሩ ኪራይ ጨመሩበት።

ጤናስ ለምትሉ፣ በብዙ ዘይት ከመጥበስ ይሻላል፣ ይሄን አልከራከርም። ግን አጎቴን ተመልከቱ፣ ደም ግፊትም ስኳርም አለበት፣ ስለ ዘይት ሲነሳ እጁን ያርገበግባል፣ ቅዳሜ ሲሆን ግን ጮማ ቁርጥ ፊቱ አስቀምጦ በአዋዜ እየዳጠ "ይሄ እኮ ዘይት የሚባል ነገር የለውም" ይላል።

ታኅሣሥ ላይ እህቴ ራሷ መጣች። ከመምጣቷ በፊት ቤቱ ውስጥ ስንት ስብሰባ ተደረገ፣ የጎረቤታችንን እንዋስ ተባለ፣ የኛ ጥቁር የሷ ነጭ ሆነ፣ አክስቴ "ሲታጠብ ለቀቀ በሏት" አለች፣ በመጨረሻ ከታሰበው ሁሉ "ጾም ነው፣ ቤቱ እንግዳ በዝቶበታል፣ ነገ" እያሉ መግፋት ተመረጠ። ሦስት ቀን ገፋን። በሦስተኛው ሌሊት እህቴ ሰዓቱ አልስተካከል ብሏት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስታ፣ ርቧት፣ ቀዝቃዛ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ በጨለማ ሳሎን ገባች። እኔ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው፣ ክፍሌን ለሷ ለቅቄ። አንድ ዓይኔን ገልጬ አያታለሁ። ዳንቴሉን አነሳች። አጠፈችው። መሳቢያውን ሳበችው።

ውስጡ የእድር ደብተር አለ፣ የመብራትና የውሃ ቢል በላስቲክ ታስሮ፣ የቤቱ ካርታ ኮፒ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አራት ቁልፍ፣ እና ባለፈው ዓመት እሷ የላከችው ቫይታሚን ክዳኑ ሳይከፈት። እህቴ ሳህኗን ይዛ ቆመች። ሶኬቱን አንስታ እግሩን አየችው፣ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። ይሄኔ መሳቢያው ሲንቀሳቀስ ሰምታ ነው መሰለኝ ከመኝታ ቤት የእማዬ ድምፅ መጣ፣

"ማነው እሱ? እንዳትሰኩት! የእድሩ ብር አለበት!"